አንቲባዮቲክ ለሕፃናት፦ መቼ፣ ምን ያህል፣ ለስንት ቀን

አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን የሚገድል ወይም እንዳይራባ የሚገታ መድኃኒት ነው፤ በቫይረስ ላይ ግን ምንም አይሠራም። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን በብዛት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያመጧቸው ጉንፋን፣ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመምና ውኃማ ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ደግሞ ከቫይረስ ነው። በሌላ በኩል ባክቴሪያ የሚያመጣው የሳንባ ምች፣ ማጅራት ገትርና የአራስ ሕፃናት የደም ኢንፌክሽን ያለ አንቲባዮቲክ ሕይወት ይቀጥፋሉ። ስለዚህ መድኃኒቱን በጥንቃቄ መጠቀም ሲባል ሁለት ነገር ማለት ነው፤ ላላስፈለገው ልጅ አለመስጠት፣ ላስፈለገው ልጅ ደግሞ ሳይዘገዩ በልኩ መስጠት። በኢትዮጵያ ሁለቱም ጉድለቶች ጎን ለጎን ይታያሉ። በከተማ ለጉንፋን አሞክሳሲሊን ያለ ማዘዣ ይገዛል፤ ከመንገድ በራቀ ቀበሌ ያለ የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ግን ያንኑ አሞክሳሲሊን በጊዜው ላያገኝ ይችላል። ስለ አንዱ ጉድለት ብቻ መናገር ሌላውን ማባባስ ነው።

ሕመሙን መለየት

ባክቴሪያን ከቫይረስ በዓይን መለየት ከባድ ነው። የንፍጥ ቀለም አይረዳም፤ በተራ ጉንፋንም ንፍጥ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይወፍርና ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይሆናል። የትኩሳቱ ከፍታም ብዙ አይናገርም፤ ኢንፍሉዌንዛ ብቻውን የሕፃንን ሙቀት 40 ዲግሪ ሊያደርስ ይችላል። ሳልም ቢሆን ጉንፋኑ ከለቀቀ በኋላ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል የሚጠይቀው ሌላ ዙር ሽሮፕ ሳይሆን የቲቢና የሌሎች ምክንያቶች ምርመራ ነው።

ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ያለበትን ሕፃን ለመለየት የዓለም ጤና ድርጅት የመረጠው ዘዴ እጅግ ቀላል ነው፤ ሰዓት ይዞ ትንፋሽ መቁጠር። ሕፃኑ ሲረጋጋ ልብሱ ይገለጥና የደረቱ ወይም የሆዱ እንቅስቃሴ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላለ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን አተነፋፈስ ይባላል። እያለቀሰ ያለን ወይም በትኩሳት የሚንቀለቀልን ልጅ ቆጥሮ መፍረድ ያሳስታል፤ ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ እንደገና መቁጠር ተገቢ ነው። የግማሽ ደቂቃውን ቆጥሮ በሁለት ማባዛትም በሕፃናት ዘንድ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል፤ ትንፋሻቸው ወጥ አይደለምና።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚታየው ደረት ነው። ሕፃኑ አየር ሲያስገባ የታችኛው የደረት ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ሳንባው ተቸግሯል ማለት ነው። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የተንቀጠቀጠ፣ ራሱን የሳተ ወይም ከተለመደው ውጭ የተዝለፈለፈ ሕፃን ግን ትንፋሹ ቢቆጠርም ባይቆጠርም ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት። በጣት ላይ የሚገጠመው የኦክስጅን መለኪያ ባለበት ቦታ ከ90 በመቶ በታች ማንበቡም ከእነዚህ ምልክቶች እኩል ይታያል።

ፈጣን አተነፋፈስ ብቻ ያለባቸው ሕፃናት ሁሉ በእርግጥ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋቸዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ለዓመታት አከራክሯል። በፓኪስታን ካራቺ ወደ 4000 በሚጠጉ ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ግማሾቹ አሞክሳሲሊን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለው አምሳያ እንዲወስዱ አድርጎ ነበር። ሕክምናው ያልሠራላቸው በአሞክሳሲሊኑ በኩል 2.6 በመቶ፣ በአምሳያው በኩል 4.9 በመቶ ሆኑ። በማላዊ ሊሎንግዌ የተደረገውም ወደዚሁ ያዘነበለ ውጤት አግኝቷል። ቁጥሮቹ በሁለት መንገድ ይነበባሉ። ከ100 ሕፃናት 95ቱ ያለ መድኃኒት ደኅና ሆነዋል፤ ነገር ግን አምሳያ ከወሰዱት መካከል ሕክምና ያልሠራላቸው ቁጥር ወደ እጥፍ ተጠግቷል። የትኛው ሕፃን እንደሚባባስ አስቀድሞ የሚያሳይ ምልክት እስካልተገኘ ድረስ፣ ሆስፒታል የአንድ ቀን መንገድ በሆነበት አገር ለሁሉም መስጠቱ ትክክል ነው። ሕፃኑ በማግስቱ ተመልሶ ሊታይ በሚችልበት ከተማ ግን ጠብቆ ማየት የተሻለ ሊሆን ይችላል። አንዱን ፍርድ ለሁለቱም ቦታ ማዋል አይቻልም።

የጉሮሮ ሕመምም አብዛኛው ከቫይረስ ነው፤ ንፍጥ፣ ሳልና የድምፅ መጎርነን አብረው ካሉ ወደ ቫይረስ ያደላል። ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ድንገት የሚጀምር፣ ሳል የሌለው፣ ቶንሲሉን ያሳበጠና ነጭ መግል ያስያዘ፣ የአንገት ዕጢዎችን ያሳመመ ሕመም ግን ስትሬፕቶኮከስ ከተባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ይህ በራሱ ብዙ ጊዜ ይድናል። ሕክምና የሚያስፈልገው በተለይ ከሳምንታት በኋላ ሊከተል ስለሚችለው የሩማቲክ ትኩሳት ሲባል ነው፤ እሱ የልብን ቫልቮች ያበላሻል። በኢትዮጵያ ለልብ ቀዶ ሕክምና ተራ ከሚጠብቁት ልጆችና ወጣቶች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው። አንድ ጊዜ በሚሰጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም ለ10 ቀን በሚወሰድ የአፍ መድኃኒት ሊገታ የሚችል ነገር በመሆኑ ኪሳራው ያሳዝናል። እንጥል ማስቆረጥ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይከላከልም፤ ደም መፍሰስንና ሌላ ኢንፌክሽንን ግን ይጨምራል።

የጆሮ ሕመም ከሁለት ዓመት በላይ በሆነና ብዙ ባልታመመ ልጅ ላይ ሲከሰት ማስታገሻ እየሰጡ ከ48 እስከ 72 ሰዓት መጠበቅ ተቀባይነት ያለው ሕክምና ነው፤ አብዛኛው ያለ አንቲባዮቲክ ይድናል። ከስድስት ወር በታች ያለ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ያለበት ወይም ጆሮው መግል የሚያፈስ ሕፃን አይጠበቅም።

ተቅማጥ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት በጣም የተለመደና በጣም ግልጽ ነው። ውኃማ ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን የሚገድለው ከሰውነቱ የሚወጣው ውኃና ጨው ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ኦ.አር.ኤስ.፣ ዚንክና ያልተቋረጠ ጡት ወይም ምግብ ነው። ዚንኩ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ ከስድስት ወር በላይ ላለ ሕፃን በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከዚያ በታች ላለ 10 ሚሊግራም። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ተቅማጡ ደም ሲቀላቅል ወይም ኮሌራ ሲጠረጠርና ፈሳሹ በጣም ሲሟጠጥ ነው። በሌላው ጊዜ መድኃኒቱ ራሱ ተቅማጡን ሊያራዝም ይችላል።

ትኩሳት ብቻ ያለበት ሕፃን የወባ መንደር ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ ለወባ ይመረመራል። ፈጣኑ የወባ ምርመራ በአፍሪካና በእስያ ከተስፋፋ በኋላ አንድ ያልታሰበ ነገር ተከተለ፤ ወባ የለበትም የተባለው ታማሚ አንቲባዮቲክ ይዞ የመውጣት ዕድሉ ጨመረ። ወባ አይደለም ማለት ባክቴሪያ ነው ማለት አይደለም፤ ሐኪሙ ግን ባዶ እጁን መስደድ ይከብደዋል። በኢትዮጵያ ይህን ክፍተት ብዙ ጊዜ የሚሞላው “ታይፎይድና ታይፈስ” የሚል ውጤት ነው። ውጤቱ የሚወጣበት የዊዳልና የዋይል ፌሊክስ ምርመራ በደም ውስጥ ያለን የቆየ መከላከያ እንጂ ሕያው ባክቴሪያን አያሳይም። ከዚህ በፊት በተያዘ ወይም በሌላ ሕመም በተነካ ሰው ላይም አዎንታዊ ሊሆን ይችላል። በአንድ ጊዜ የዊዳል ውጤት ብቻ ሕፃንን ለታይፎይድ ማከም ልማድ ሆኖ መቅረቱ ከትልልቆቹ የአንቲባዮቲክ ብክነት ምንጮች አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሁለት ዓመት በታች ባለ ሕፃን ላይ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ሲኖር የሚረሳው የሽንት ምርመራ ደግሞ ብዙ ጊዜ የበለጠ ይጠቅማል፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በዚህ ዕድሜ ሌላ ምልክት ላያሳይ ይችላልና።

አራስ ሕፃን

እስካሁን የተባለው ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ይገለበጣል። አራስ ሕፃን ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ ሲገባ ትኩሳት ላይኖረው፣ እንዲያውም ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ የብብት ሙቀቱ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ወይም ከ35.5 በታች መሆኑ እኩል ያሰጋል። መጥባት ካቆመ፣ ካልነኩት የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ወይም ደረቱ በኃይል ከተሰረጎደ እስኪለይለት ድረስ መጠበቅ የለም። አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን በመርፌ ወዲያው ይጀመራል፤ በዚህ ዕድሜ የሰዓታት መዘግየት ሕይወት ያስከፍላል።

ሆስፒታል መድረስ ለማይችሉ ቤተሰቦች የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 የጄንታማይሲን መርፌንና የአሞክሳሲሊን የአፍ መድኃኒትን አጣምሮ በቅርብ ጤና ተቋም መስጠትን ፈቅዷል። ኢትዮጵያ ከዚያ ቀደም ብላ በዚሁ አቅጣጫ ተራምዳ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሳንባ ምችን በጤና ኬላ እንዲያክሙ እ.ኤ.አ. በ2010 ተወሰነ፤ በ2013 የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ ደግሞ የአራስ ኢንፌክሽንን ሕክምና ወደ ጤና ኬላ አወረደው። ‘አንቲባዮቲክን ከሐኪም እጅ ማውጣት አደጋ ነው’ የሚለው ስጋት ያኔ ተሰምቶ ነበር። ነገር ግን ትንፋሽ የምትቆጥር፣ መጠኑን ከሠንጠረዥ የምታነብና ሕፃኑን ተመልሳ የምታይ ባለሙያ እጅ ያለ አሞክሳሲሊን፣ ማንም ሳይመረምር ከመደርደሪያ ከሚወርደው በእጅጉ ያነሰ ያሰጋል።

መጠን የሚገኘው ከክብደት ነው

የሕፃን አንቲባዮቲክ የሚለካው በኪሎ ነው፤ ዕድሜ የሚረዳው ሚዛን በሌለበት ብቻ ነው። በቤት ለሚታከም የሳንባ ምች የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በአንድ ጊዜ ቢያንስ 40 ሚሊግራም አሞክሳሲሊን በኪሎ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ነው። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ስሌቱ 480 ይሆናል፤ ተጠጋግቶ 500 ሚሊግራም ጠዋት፣ 500 ሚሊግራም ማታ ማለት ነው። በውኃ የሚሟሟው የሕፃናት ክኒን 250 ሚሊግራም ስለሆነ ሁለት ሁለት ይሰጠዋል።

ሽሮፕ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይወሳሰባል። የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ በአብዛኛው በሁለት ጥንካሬ ይመጣል፤ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 125 ሚሊግራም ወይም 250 ሚሊግራም የያዘ። ብልቃጦቹ ተመሳሳይ፣ ጣዕማቸው ተመሳሳይ፣ ዋጋቸውም የሚቀራረብ ሊሆን ይችላል። ከላይ ያለው ልጅ ከጠንካራው 10 ሚሊ ሊትር፣ ከቀላሉ ግን 20 ሚሊ ሊትር በአንድ ጊዜ ያስፈልገዋል። ባለ 100 ሚሊ ሊትሩ ብልቃጥ ጠንካራው ከሆነ ለአምስት ቀን በትክክል ይበቃዋል። ቀላሉ ከሆነ ሁለት ብልቃጥ ይፈልጋል፤ ለአንድ ብቻ ገንዘብ ያላት እናት ሳታውቀው ወይ መጠኑን ወይ ቀኑን በግማሽ ትቀንሳለች። መድኃኒቱ አልሠራም ተብሎ ወደ ባሰ መርፌ ከሚኬድባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ አንቲባዮቲኩ ደካማ ሆኖ ሳይሆን ልጁ ግማሹን ብቻ ስለወሰደ። ባለሙያው “5 ሚሊ” ብሎ ከመናገሩ በፊት ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አለበት፤ ወላጅም ብልቃጡን አሳይቶ መጠየቅ መብቱ ነው።

የሻይ ማንኪያ መለኪያ አይደለም። በግሪክ ከየቤቱ ተሰብስበው የተለኩ የሻይ ማንኪያዎች ከ2.5 እስከ 7.3 ሚሊ ሊትር ይይዙ ነበር፤ አንዱ ልጅ የሌላውን ሦስት እጥፍ ያህል ይወስዳል ማለት ነው። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ወይም ከብልቃጡ ጋር የሚመጣው ምልክት ያለው ክዳን ይሻላል። ዱቄቱ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እስከ ምልክቱ ድረስ ይበጠበጣል፤ አረፋው ሲወርድ ውኃው ከምልክቱ ዝቅ ስለሚል ተጨምሮ ይስተካከላል። ከተበጠበጠ በኋላ እንደ ዓይነቱና እንደ ማስቀመጫው ከ7 እስከ 14 ቀን ብቻ ይቆያል። ከእያንዳንዱ መስጠት በፊት በደንብ ካልተናወጠ መድኃኒቱ ወደ ታች ይዘቅጥና የመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃ፣ የመጨረሻዎቹ ከመጠን ያለፈ ይሆናሉ። ሕፃኑ ከዋጠ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ መጠኑ ይደገማል። የተረሳ መጠን ሲታወስ ይሰጣል፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ሁለቱን ደርቦ መስጠት አይገባም።

ስንት ቀን ይበቃል?

ለአሥርተ ዓመታት ሕክምናው 7 ወይም 10 ቀን የሆነው በአብዛኛው በልማድ እንጂ በጥናት አልነበረም። ባለፉት ዓመታት ይህ ተፈትሿል። በካናዳ፣ በእንግሊዝና አየርላንድ፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 እና 2022 የታተሙ ጥናቶች ሆስፒታል መተኛት ላላስፈለጋቸው ወይም ተሽሏቸው ለወጡ የሳንባ ምች ሕፃናት አጭሩ ሕክምና ከረጅሙ እንደማያንስ አሳይተዋል፤ በካናዳና በአሜሪካ 5 ቀን ከ10 ቀን፣ በእንግሊዝና አየርላንድ 3 ቀን ከ7 ቀን ጋር ተነጻጽሯል። በማላዊም ደረታቸው የሚሰረጉድ ሕፃናት ላይ 3 ቀን ከ5 ቀን ጋር ተወዳድሮ አላነሰም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለሳንባ ምች 5 ቀን፣ ኤች.አይ.ቪ. ባልተስፋፋበት አካባቢ ፈጣን አተነፋፈስ ብቻ ላለበት ደግሞ 3 ቀን ይላል።

አጭር ይበቃል ማለት ግን ሲሻለው ይቁም ማለት አይደለም። የታዘዘው 5 ቀን ከሆነ አምስቱም ቀን ይሰጣል። ለስትሬፕቶኮከስ የጉሮሮ ሕመም የአፍ መድኃኒቱ አሁንም 10 ቀን ነው። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የጆሮ ኢንፌክሽን አጭሩ እንደ ረጅሙ አልሆነም፤ ለማጅራት ገትርና ለአጥንት ኢንፌክሽን ደግሞ ቀኑ ይረዝማል። የማሳጠሩ ሥራ የሐኪሙና የመመሪያው ነው። በሌላ በኩል ሁለት ቀን ሙሉ በትክክል ወስዶ ያልተሻለው ወይም የባሰበት ሕፃን አምስተኛውን ቀን መጠበቅ የለበትም፤ ተመልሶ መታየት አለበት።

ከፍተኛ የምግብ እጥረት ላለባቸውና በተመላላሽ ለሚታከሙ ሕፃናት የኢንፌክሽን ምልክት ባይታይም አሞክሳሲሊን ይሰጣል። ይህ አሠራር ራሱ ክርክር አላጣም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የማላዊ ጥናት ሞትን እንደሚቀንስ ሲያሳይ፣ በ2016 የታተመው የኒጀር ጥናት ከምግብ እጥረቱ በማገገም ረገድ ልዩነት አላገኘም። መመሪያው ግን አልተለወጠም፤ የእነዚህ ሕፃናት ሰውነት ኢንፌክሽንን በትኩሳት እንኳ ማሳየት ስለሚያቅተው ጥንቃቄው ተገቢ ነው።

ጉዳቱ

በብዛት የሚታየው ተቅማጥ፣ ማቅለሽለሽና በዳይፐር አካባቢ የሚወጣ የፈንገስ ሽፍታ ነው። መድኃኒቱ የአንጀትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ስለሚገድል ይህ አያስገርምም፤ አብዛኛው ሕክምናው ሲያበቃ ይቆማል። እውነተኛ የፔኒሲሊን አለርጂ ሌላ ነው፤ በደቂቃዎች ወይም ጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚያሳክክ እብጠት፣ የከንፈርና የፊት ማበጥ፣ የትንፋሽ ማጠር ይመጣል፤ ይህ የድንገተኛ ሕክምና ጉዳይ ነው። ሆኖም ሕመሙ ራሱ የሚያመጣው ሽፍታ ብዙ ጊዜ “አለርጂ” ተብሎ ይመዘገባል። በአሜሪካ በካርዳቸው ላይ የፔኒሲሊን አለርጂ ከተጻፈባቸው ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ሲመረመሩ አለርጂ አይገኝባቸውም። በስሕተት የተጻፈ አለርጂ ልጁን ዕድሜውን ሙሉ ከቀላሉና ከርካሹ መድኃኒት አርቆ ውድና ሰፊ ወደሆነው ይገፋዋል። ስለዚህ ሽፍታው መቼ፣ ምን መሰለ፣ ስንተኛው ቀን ላይ እንደወጣ መጻፍ ተራ የወረቀት ሥራ አይደለም።

በአዋቂ ላይ ምንም የማያደርግ መድኃኒት ሕፃንን ሊጎዳ እንደሚችል የታወቀው በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ክሎራምፌኒኮል የተሰጣቸው አራሶች ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ቆዳቸው አመድ መስሎ ይሞቱ ነበር፤ ምክንያቱ በ1959 ታወቀ። ጉበታቸው ገና ስላልዳበረ መድኃኒቱ በደማቸው ውስጥ ይከማች ነበር። በዚያው አሥርት ዓመት ሰልፋ የተሰጣቸው ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የአንጎል ጉዳት ደረሰባቸው፤ መድኃኒቱ የአራስን ቆዳ ቢጫ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ከደም ፕሮቲን አላቆ ወደ አንጎል ሰደደው። ሴፍትሪያክሶንም በተመሳሳይ ምክንያት ቆዳው ቢጫ ለሆነ አራስ አይሰጥም፤ ካልሲየም ካለው የደም ሥር ፈሳሽ ጋርም ፈጽሞ አይቀላቀልም። ቴትራሳይክሊን ከስምንት ዓመት በታች የሚበቅሉትን ጥርሶች በቋሚነት ያጠቁራል፤ ዶክሲሳይክሊን ለአጭር ቀናት ከሆነ ይህ ስጋት የለበትም። በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ሳምንታት የተሰጠ ኤሪትሮማይሲን የጨጓራ መውጫን ሊያጠብ ይችላል፤ ጄንታማይሲን መጠኑ ካለፈ ኩላሊትንና የመስማት ችሎታን ይጎዳል። ለአዋቂ የተገዛ ካፕሱል ከፍቶ በግምት ለልጅ ማካፈል፣ ወይም ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ፣ ከእነዚህ አደጋዎች የትኛውንም የማያውቅ ድርጊት ነው።

መላመድ

ባክቴሪያ መድኃኒትን ሲላመድ ልጁ አይደለም የሚላመደው፤ በአፍንጫው፣ በጉሮሮውና በአንጀቱ የሚኖሩት ተሕዋስያን ናቸው። መድኃኒቱ ደካሞቹን ይገድላል፤ የሚቋቋሙት ቦታውን ይወርሳሉ፣ ወደ ወንድምና እህትም ይሻገራሉ። ይህን እንደ ምሥራቅ ጎጃም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በግልጽ ያሳየ ቦታ ጥቂት ነው። ለትራኮማ ሕክምና አዚትሮማይሲን በየሦስት ወሩ ለአንድ ዓመት በተሰጠባቸው ቀበሌያት፣ ከሕፃናት አፍንጫ ከተወሰደው ናሙና አዚትሮማይሲንን የሚቋቋም ኒሞኮከስ የተባለ የሳንባ ምች ባክቴሪያ የተገኘባቸው 3.6 በመቶ የነበሩት 46.9 በመቶ ሆኑ። በዚሁ ጥናት መድኃኒቱ በተሰጠባቸው ቀበሌያት ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች የመሞት ዕድል ወደ ግማሽ ዝቅ ብሎ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛንያ የተደረገ ሰፊ ጥናትም በዓመት ሁለት ጊዜ አዚትሮማይሲን መስጠት የሕፃናትን ሞት 13.5 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። የሚያድነውና የሚያላምደው አንዱ መድኃኒት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለሁሉም ሕፃናት በጅምላ መስጠትን አልደገፈም፤ የሕፃናት ሞት እጅግ ከፍተኛ በሆነባቸው ቦታዎች ብቻ፣ መላመዱ ክትትል እየተደረገበት እንዲታሰብ ተወ። ተስፋ የሚሰጠው ደግሞ በኢትዮጵያው የትራኮማ ዘመቻ ዕደላው ሲቆም የሚቋቋሙት ባክቴሪያዎች ከጊዜ በኋላ መቀነሳቸው ነው።

በሆስፒታሎች የአራስ ክፍል ያለው ሁኔታ እንዲህ ተስፋ አይሰጥም። ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት አገሮች የተደረገ ጥናት ከአራሶች ደም የተገኙት እንደ ክሌብሲዬላ ያሉ ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ አምፒሲሊንንም ጄንታማይሲንንም እንደሚቋቋሙ አግኝቷል፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ እስከ ዛሬ የመጀመሪያ ሕክምና የሚባሉት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት ከሞቱት 1.27 ሚሊዮን ሰዎች አንድ አምስተኛው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንደሆኑ ተገምቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 መድኃኒቶቹን በሦስት መደባቸው። አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ጄንታማይሲንና ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በቅድሚያ ከሚታዘዙት ናቸው፤ ሴፍትሪያክሶን፣ አዚትሮማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲን በጥንቃቄ ከሚታዘዙት፤ ኮሊስቲንና ሊኔዞሊድ ለመጨረሻ ከሚጠበቁት። እ.ኤ.አ. በ2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እስከ 2030 በሰው ሕክምና ከሚውለው አንቲባዮቲክ 70 በመቶው ከመጀመሪያው ምድብ እንዲሆን ተስማምቷል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ሴፍትሪያክሶን ለብዙ ሕመም የመጀመሪያ ምርጫ ሆኖ መቆየቱ ከዚህ ግብ ጋር አይሄድም። መርፌ ከክኒን ይበረታል የሚለው እምነትም ወላጆችን ወደዚያው ይገፋል፤ መዋጥ ለሚችል ሕፃን ግን ትክክለኛው መጠን በአፍ ሲሰጥ የሳንባ ምቹን ያድናል።

ከመደርደሪያው እስከ ቤት

በኢትዮጵያ ሕግ አንቲባዮቲክ በማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት ነው። በተግባር ግን በጎንደር የታመመ ልጅ ያላቸው ወላጆች መስለው በየመድኃኒት ቤቱ የዞሩ አጥኚዎች ለተቅማጥና ለጉንፋን አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ ሲሸጥላቸው አይተዋል። ጥፋቱን በባለሙያው ላይ ብቻ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም። ወላጁ ለካርድ፣ ለምርመራና ለመጓጓዣ የሚያወጣው ገንዘብና የሚያባክነው የሥራ ቀን ከመድኃኒቱ ዋጋ ይበልጣል፤ ባዶ እጁን የሰደደ መድኃኒት ቤት ደግሞ ደንበኛውን ለጎረቤቱ ይለቃል። ቢሆንም ፋርማሲስቱ ማድረግ የሚችለው ብዙ ነው፤ ትንፋሹ ይፈጥናል ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ለተቅማጥ ኦ.አር.ኤስ. እና ዚንክ መስጠት፣ አደገኛ ምልክት ያለበትን ሕፃን ሳይሸጡ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ። ከባለፈው ሕመም የተረፈውን ሽሮፕ ለታናሹ መስጠት፣ ለጎረቤት ልጅ ማካፈልም መቆም አለበት፤ የተረፈው መጠን ለማንም አይበቃም፣ የተበጠበጠውም ጊዜው አልፎበታል።

የአንቲባዮቲክን ፍላጎት ከሁሉ በላይ የሚቀንሰው ክትባት ነው። ኢትዮጵያ የሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ቢ ክትባትን የያዘውን አምስት በአንድ እ.ኤ.አ. በ2007፣ የኒሞኮከስ ክትባትን በ2011፣ የሮታ ቫይረስ ክትባትን በ2013 በመደበኛ ፕሮግራሟ አስገብታለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በጣም የከፉትን የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ባክቴሪያዎች ይከላከላሉ። የሮታ ክትባት የሚከላከለው ቫይረስ ቢሆንም በተቅማጥ ስም በከንቱ የሚሰጠውን አንቲባዮቲክ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ስሌት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች የኒሞኮከስ ክትባት በዓመት 23.8 ሚሊዮን፣ የሮታ ክትባት 13.6 ሚሊዮን በአንቲባዮቲክ ሊታከሙ የነበሩ የሕፃናት ሕመሞችን እንደሚያስቀር ገምቷል።